አልፋቤት ውስጥ ያገኘሁት በሬ

ነገሩ የጀመረው ክፍል ውስጥ ነው። እንጅባራ ላይ ዘጠነኛ ክፍል እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። አንድ ማክሰኞ ጠዋት ስለ መዝገበ ቃላት አጠቃቀም እያስረዳሁ «ቃላቱ የሚደረደሩት በአልፋቤት ቅደም ተከተል ነው» ስል፣ ከኋላ የምትቀመጥ አንዲት ልጅ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ አልፋቤት ለምን አልፋቤት ተባለ?»

ምን ብዬ እንደመለስኩላት ባልናገር ደስ ይለኝ ነበር። «ስሙ ነዋ! ቁጭ በይ» አልኳት። ልጅቷ ቁጭ አለች፤ እኔ ግን ቁጭ ማለት አቃተኝ። አስራ አንድ ዓመት ሙሉ እንግሊዝኛ ሳስተምር፣ በየመስከረሙ ያንን ቃል ሰሌዳ ላይ ስጽፈው፣ አንድ ቀን እንኳ «አንተ ደግሞ ከየት መጣህ?» ብዬው አላውቅም። ደወሉ ሲደወል አፍሬ ነው የወጣሁት።

እውነቱን ለመናገር በዚያ ሳምንት ቁጡ የሆንኩት በልጅቷ አልነበረም። ከእናቴ ጋር ተጣልቼ ነው የመጣሁት።

እናቴ ከግምጃ ቤት ከተማ አለፍ ብሎ ባለ ቀበሌ የምትኖር ገበሬ ናት። አባቴ ከሞተ ወዲህ መሬቱንም ከብቱንም ይዛ የቆየችው እሷ ናት። አፏን የፈታችው በአዊኛ ነው፤ አማርኛን ለገበያ፣ ለቢሮና ለእኔ ታወጣዋለች። ፊደል አልቆጠረችም። ከዓመታት በፊት የመሬት ደብተር ሲሰጥ በአውራ ጣቷ ነበር የፈረመችው። ያን ቀን የሆነውን ስንቴ እንደነገረችኝ እንጃ። መዝጋቢው ሰውዬ ቀና ብሎ እንኳ ሳያያት አውራ ጣቷን ያዝ አደረገና ቀለም ነክሮ ወረቀቱ ላይ ጫነው። «ጣቴን እንደ ዕቃ አንስቶ አስቀመጠው» ትላለች። «እኔ እዚያው ቆሜ የለሁም እንዴ? ፈርሚ ቢለኝ ጆሮ የለኝም?» ያ ቀለም በአመድ ብታሸው፣ በእንዶድ ብታጥበው፣ ሳምንት ሙሉ አልለቀቃትም።

አሁን ደብተሩ ካርታ ባለው አዲስ ደብተር ሊቀየር ነው። ባለመሬቱ ሁሉ በየተራው ቀበሌ ቀርቦ መዝገብ ላይ ይፈርማል። የእሷ ተራ ሦስት ሳምንት ሲቀረው እናቴ አንድ ነገር ብቻ ፈለገች፤ ስሟን በእጇ መጻፍ። ስሟ አራት ፊደል ነው። እዚህ አልጽፈውም፤ በ«አ» እንደሚጀምርና ሁለተኛው ፊደል «በ» እንደሆነ ብቻ እናገራለሁ። «አውራ ጣቴን ለሰው ድጋሚ አልሰጥም» አለች። በቃ፣ እሷ አንዴ ካለች አለች ነው።

አስተማሪ ልጅ እያላት ሌላ ማን ሊያስተምራት ነው? ቅዳሜ ዕለት ደብተር፣ ስክሪብቶና የፊደል ገበታ ይዤ ከች አልኩ። ከጠዋት እስከ ከሰዓት ለፋን። ስክሪብቶውን እንደ ዘነዘና ጨብጣ ወረቀቱን ትበሳዋለች። «አ» ስላት «አ» ትላለች፤ ገጹን ገልጬ መልሼ ሳሳያት ግን ያቺው ፊደል እንግዳ ትሆንባታለች። «ይቺን አሁን አየናት?» ትለኛለች። ለሃያኛ ጊዜ ስትጠፋባት ትዕግስቴ አለቀ። ቱግ ማለት ይቀናኛል፤ ተማሪዎቼም ያውቁታል።

«እማ፣ የአምስት ዓመት ልጆች እኮ በአንድ ቀን ይይዙታል!»

ደብተሩን ቀስ ብላ አጥፋ እጄ ላይ አስቀመጠችው። «እንግዲያው ለነሱ አስተምሪ» አለችና ከብቶቹን ልታይ ወጣች። ምላሴ በተቆረጠ የሚያሰኝ ነበር። ስመለስ አልተሳሳምንም። መንገዱን ሙሉ በመስኮት እያየሁ ራሴን ስሰድብ ነው እንጅባራ የገባሁት።

ለዚህ ነው ማክሰኞ ያችን ምስኪን ልጅ «ቁጭ በይ» ያልኳት። ለዚህም ነው ረቡዕ ክፍለ ጊዜ ሳይኖረኝ ላይብረሪ የገባሁት። ቢያንስ ለአንዷ መልስ ልስጥ ብዬ።

ላይብረሪያችን ውስጥ ማንም የማይነካው አንድ ወፍራም መዝገበ ቃላት አለ። ጀርባው ተገንጥሎ በፕላስተር ተጣብቋል። ከእያንዳንዱ ቃል ግርጌ በደቃቅ ጽሑፍ ቃሉ ከየት እንደመጣ ይናገራል። ስንት ዘመን ስገልጠው እዚያች ደቃቅ ጽሑፍ ላይ ዓይኔ አርፎ አያውቅም። አሁን አጎንብሼ አነበብኳት። እንግሊዝኛ አልፋቤትን ከላቲን ወሰደ ይላል። ላቲን ከግሪክ ወሰደ። ግሪኮች ደግሞ የሁለቱን የመጀመሪያ ፊደሎቻቸውን ስም አጋጥመው ሠሩት፤ አልፋና ቤታ። ልክ እኛ «ሀሁ ቆጠረ» እንደምንለው መሆኑ ነው።

እሺ፣ ጥሩ። አልፋ ራሱስ ምን ማለት ነው? በግሪክኛ ምንም! የፊደል ስም ነው እንጂ ሌላ ትርጉም የለውም። ታዲያ ትርጉም የሌለውን ስም ማን አወጣው? ያቺ ጥያቄ ያዘችኝ። ገጹን ገልብጬ አልፋ የሚለውን ቃል ለብቻው ፈለግኩ። ግሪኮች ከፊንቄዎች ተቀበሉት ይላል፤ ፊንቄዎች በመርከብ እየዞሩ የሚነግዱ፣ ቋንቋቸው ከግዕዝ ጋር የሚዛመድ ሰዎች ነበሩ። በነሱ ቋንቋ «አሌፍ» ማለት በሬ ነው። ቤታን ደግሞ ፈለግኩ። ቤታ የመጣው «ቤት» ከሚል ቃል ነው። ትርጉሙም ቤት።

«ቤት!» ብዬ ጮህኩ።

የላይብረሪዋ ሠራተኛ «ምን ሆንሽ? ቤት ምን ሆነ?» ብላ ከወንበሯ ተነሳች። ቤቴ የተቃጠለ መስሏታል። «ቤት እንግሊዝኛ ውስጥ አለ!» አልኳት። አስተያየቷን አልረሳውም።

እስቲ አስቡት። አስራ አንድ ዓመት ሙሉ የፈረንጅ ቃል ነው እያልኩ ሳስተምረው የኖርኩት ነገር በጓዳው ቤት ይዞ ተቀምጧል። መኝታ ቤት፣ ትምህርት ቤት፣ ግምጃ ቤት የምንለው ያው ቤት! ጓዙን ጠቅልሎ ከፊንቄ ግሪክ፣ ከግሪክ ሮም፣ ከሮም እንግሊዝ ዞሮ፣ በመጨረሻ እንጅባራ መጥቶ በጠመኔ ሰሌዳ ላይ ሲጻፍ እኔ አላወቅሁትም። ሰላም እንኳ አላልኩትም!

መዝገበ ቃላቱን አቅፌ ወደ መምህራን ክፍል ሮጥኩ። እዚያ ከኔ ፊት ለፊት የሚቀመጥ የአማርኛ መምህር አለ፤ በልጅነቱ የቤተ ክህነት ተማሪ ነበር። ፈተና እያረመ ነው። ትንፋሼ እየተቆራረጠ «አሌፍ፣ ቤት…» ብዬ ማንበብ ስጀምር፣ ቀና እንኳ ሳይል ተቀበለኝ።

«አልፍ፣ ቤት፣ ገምል፣ ድንት፣ ሆይ፣ ዋዌ፣ ዘይ።»

«አንተ! ከየት አመጣኸው?»

«የፊደሎቻችን ስም ነው» አለ ቀይ ስክሪብቶውን አስቀምጦ። «የ‹አ› ስሟ አልፍ ነው። የ‹በ› ስሟ ቤት ነው። የኔታ ፊት ሀሁን ስንጨርስ አቡጊዳ እንቆጥር ነበር፤ አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ እያልን። ምን ይገርማል?»

ምን ይገርማል ይለኛል እንዴ! አቡጊዳም አልፋቤትም አንድ እኮ ናቸው፤ ሁለቱም በ«አ» ተነስተው በ«በ» የሚቀጥሉ። የእሱ የኔታና የእንግሊዝ አስተማሪ ሳይተዋወቁ አንድ ገበታ ይዘው ኖረዋል ማለት ነው። ይሄን ስነግረው ፈተናውን ወደ ጎን ገፍቶ «እስቲ አሳዪኝ» ብሎ ወንበሩን ወደ እኔ ሳበ። ሰውየው እንዲህ ሲነሳሳ አይቼው አላውቅም።

ስልኬን አወጣሁ። ዝናብ ነበርና ኔትወርኩ ይመጣል ይሄዳል፤ ሥዕሉ ከላይ እየጀመረ በስንት ልመና ወረደልን። በጥንት ጊዜ በሲና በረሃ ድንጋይ ላይ የተጫረ የበሬ ጭንቅላት ነው፤ ቀንዶቹ ወደ ላይ ናቸው። ቀጥሎ ፊንቄዎች በጎኑ አስተኙት። ግሪኮች ተቀብለው ይባስ ብለው ገለበጡት። ትልቁን የእንግሊዝኛ ኤ ወረቀት ላይ ጻፍኩና ወረቀቱን አዞርኩት። ሹል አፉን ወደ ታች፣ ሁለት ቀንዱን ወደ ላይ አድርጎ በሬው ቁልጭ ብሎ ታየን!

«የኛዋስ?» አለ የአማርኛው መምህር።

ያው የበሬ ጭንቅላት በሌላ መንገድ ወደ ደቡብ ዓረብ ወርዶ፣ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ እኛ ዘንድ ደርሷል። «አ» ብዬ ጻፍኩ፤ ላይዋ ጠበብ ያለ፣ ሁለት እግሮቿ ወደ ታች። ወረቀቱን አዞርኩት። እግር ያልኳቸው ቀንዶች ሆኑ። «በ»ን ጻፍኩ። እሷንማ ማዞር አላስፈለገም። ጣሪያ አላት፣ ሁለት ግድግዳ አላት፣ በሯ ወለል ብሎ ተከፍቷል። እንግሊዞች ቤታቸውን፣ ቢን ማለቴ ነው፣ ሁለት ሆድ አውጥተውለት ምን እንደሆነ እስኪጠፋ አበላሽተውታል፤ የኛዋ ቤት ግን እስከ ዛሬ ቆማለች! ሁለታችንም እንደ ሕፃን ሳቅን።

ከዚያ በኋላ ለሁለት ቀን ዕብደት ያዘኝ። ያየሁት የእንግሊዝኛ ቃል ሁሉ የኛ ይመስለኝ ጀመር። ከመናኸሪያው ማዶ ወጣቶች በኳስ የሚወራረዱበት «ቤቲንግ ቤት» አለ። «ይኸው! ቤቲንግም ከቤት ነው የመጣው!» ብዬ ለአማርኛው መምህር በኩራት ነገርኩት። «አጣርተሻል?» አለኝ። ሳጣራ ከቤት ጋር ዝምድናም ጉርብትናም የለውም፤ እንዲያው በድምፅ መመሳሰል ብቻ። እየሳቀብኝ ሻይ ጋበዘኝ። ቃል የሚመስለውና የሚዛመደው ሁለት የተለያየ ነገር መሆኑን ያወቅሁት ያን ቀን ነው። ሐሙስ ክፍል ገብቼ ያችን ልጅ አስነሳሁና ይቅርታ ጠየቅኳት፤ በሬውንም ቤቱንም ሰሌዳ ላይ ሣልኩላቸው። ልጅቷ ጥርሷ ሁሉ ታየ።

ግን ከረቡዕ ጀምሮ ሌላ ነገር ይዞኝ ነበር። በሬና ቤት። «አ» እና «በ»። የእናቴ ስም የሚጀምረው በበሬና በቤት ነው! አንድ ቀን ሙሉ በባዶ ድምፅ ሳደነቁራት የዋልኩት እነዚያን ሁለት ፊደሎች ነበር። ሴትዮዋ ከብት ከሩቅ አይታ ዕድሜውን የምትናገር፣ የትኛው በሬ ቀኝ ለመጠመድ የትኛው ግራ እንደሚሆን ለባለሙያ አራሽ ሳይቀር የምትመርጥ ናት። እሷ በሬ ይጠፋባታል? አርብ ዕለት እንዴት እንደመሸልኝ አላውቅም።

ቅዳሜ በጠዋት መናኸሪያ ደረስኩ። ጠሪዎቹ «ግምጃ ቤት! ግምጃ ቤት! ግምጃ ቤት!» ይላሉ። ብቻዬን ሳቄ መጣ። «ምን ያስቅሻል እቴ?» አለችኝ ዶሮ የያዘች ሴት። «ቤት ሲሉ ነው» አልኳት። ፈቀቅ ብላ ተቀመጠች። ከግምጃ ቤት ወዲያ ጋሪ አግኝቼ፣ ከጋሪው ወርጄ ጭቃውን እየዘለልኩ እናቴ ደጅ ደረስኩ።

እናቴ ድንች እየመረጠች ነበር። አየችኝና መልሳ ወደ ድንቹ አጎነበሰች። «ደብተር ይዘሽ ከመጣሽ መንገዱን ታውቂዋለሽ» አለች።

«አልያዝኩም» አልኳት። ውሸት ነው፤ ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ተቀመጥኩና አንድ እንጨት አነሳሁ፤ መሬቱ ላይ የበሬ ጭንቅላት ሣልኩ፣ ቀንዱን ወደ ላይ አድርጌ። «ይሄ ምንድን ነው?»

«በሬ ነዋ። ምን ልትዪ ነው?»

አጠገቡ «በ»ን ጻፍኩ። «ይሄስ?»

አንገቷን ዘንበል አድርጋ አየችው። «በር። አይደለም፣ ቤት ነው።»

ከተቀመጥኩበት ብድግ አልኩ! ከዚያ ያ የበረሃ ሰው ድንጋይ ላይ ከጫረው ጀምሮ፣ መርከበኞቹን፣ ግሪኮቹን፣ እንግሊዞቹን፣ የኔታን፣ አንዱንም ሳላስቀር ለፈለፍኩላት። እያወራሁ እጄን ሳወናጭፍ ዶሮዎቹ ሸሹ። እናቴ ድንች መምረጧን አላቆመችም፤ ግን እየሰማች ነው። ስጨርስ ለመደነቅ ጠበቅኳት። እሷ ግን ቅር ብሏታል።

«ቤት የአማርኛ ነው» አለች። «በኛ ጝን ነው።»

ጝን። በአዊኛ ቤት ማለት ነው። የመጀመሪያዋ ድምፅ በአፍንጫ የምትወጣ ናት፤ ለተማሪዎቼ እንግሊዝኛ ሳስተምር «ሲንግ» የሚለው ቃል መጨረሻ ላይ ያለችው እሷው ናት። አማርኛ ብቻ የሚናገሩት ሲቸገሩባት ከገጠር የመጡት ልጆች እንደ ውሃ ይጠጧታል።

«እነዚያ ሰዎች አዊ ቢሆኑ ኖሮ» አለች እናቴ፣ ድንቹን በእጇ እያገላበጠች፣ «አልፋጝን ይሉት ነበራ!»

ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። እሷም ፈገግታዋን ልትደብቅ ሞክራ አልሆነላትም። «በሬው ግን የኛ ነው» አለች ቀጥላ፤ እውነትም የአዊኛው ስም ከአማርኛው በሬ ብዙ አይርቅም። ማን ከማን እንደወሰደ እሷ ጥርጥር የላትም።

ጊዜው ደረሰ ብዬ ደብተሩን አወጣሁ። «አልያዝኩም አላልሽም?» አለችኝ፤ አላባረረችኝም። «አ»ን በትልቁ ጻፍኩላት። «ይኸው በሬው፣ እማ። ስምሽ በሱ ነው የሚጀምር።»

ደብተሩን ተቀብላ ፊቷን ቋጠረች። «ቀንዱ የታለ?»

«እነዚህ ሁለቱ። ወደ ታች።»

«ቀንድ ወደ ታች?» ቀና ብላ አየችኝ። «ማን ነው የገለበጠው?»

«ድሮ ነው እማ። ሲወርድ ሲዋረድ…»

«በሬ በጀርባው ከተንጋለለ ወይ ታሟል ወይ ሊታረድ ነው። በስሜ ላይ የሞተ በሬ ልታኖሪብኝ ነው?» ደብተሩን ዞር አድርጋ ቀንዱን ወደ ላይ መለሰችና «እንዲህ ነው» አለች። ከዚያ ስክሪብቶውን ተቀበለችኝ። ምላሷን በከንፈሯ ጥግ አውጥታ ጻፈች። አንድ «አ»፤ የተገለበጠች፣ ወይም በእሷ አባባል የቆመች። አጠገቧ ቤት። ገጹን ገልጬ ባዶ ወረቀት ሰጠኋት፤ ደገመችው። ደብተሩን ነጥቄ ጓዳ ገብቼ ተመለስኩና «ድገሚው» አልኳት፤ ደገመችው! አልጠፋባትም። ለቀሩት ሁለት ፊደሎች ራሷ ስም አወጣችላቸው፤ አንዱን ማጭድ፣ አንዱን መንሽ አለችው። ከሰዓት ላይ አራቱንም በተራ ጻፈቻቸው። በሬ፣ ቤት፣ ማጭድ፣ መንሽ።

ያቺን የመጀመሪያዋን ፊደል እንድታቃና ሦስት ጊዜ ለመንኳት። አስተማሪ ነኝና ፈራሁ። «እማ፣ ቢሮ ውስጥ አይቀበሉሽም፤ ቀለሙን ያመጡብሻል» አልኳት። ፊቷ ትንሽ ተለወጠ፤ ግን እጇ አልተለወጠም። «በሬዬን ለማንም አልገለብጥም» አለች። ቱግ ልል አፌ ድረስ ደርሶ ዋጥኩት። ስሄድ ተሳሳምን፤ እኔ ግን ያቺ ፊደል እንደ እሾህ ወግታኝ ነው የሄድኩት።

ተራዋ የደረሰ ዕለት ርእሰ መምህሩን አስፈቅጄ መጣሁ። የቀበሌው ጽሕፈት ቤት ሰው ሞልቶታል። ከጠረጴዛው ኋላ የተቀመጠው የመሬት አስተዳደር ባለሙያ ሌላ ነው፣ ያ የድሮው አይደለም። ወጣት፣ ትሑት ልጅ ነው። ግን ከመዝገቡ አጠገብ ያ ወይን ጠጅ ቀለም ክዳኑ ተከፍቶ ተቀምጧል። ከፊታችን የነበሩት አሮጊት ጣታቸውን ነክረው ወጡ። እናቴ ያንን ስታይ አውራ ጣቷን ወደ መዳፏ አስገብታ ጨበጠችው። አየኋት።

ስሟ ተጠራ። ልጁ መዝገቡን ወደ እሷ አዞረና ቀለሙን ገፋ አደረገላት። «እናቴ፣ እዚህች ጋ።»

«ቀለሙን አንሳልኝ ልጄ» አለች። «ስክሪብቶ ስጠኝ።»

ሰጣት። አጎነበሰች። በሬውን ሣለች፤ ቀንዱን ወደ ላይ። ቤቱን አቆመች። ማጭዱን፣ መንሹን። ስክሪብቶውን አስቀመጠችና ቀና አለች።

ልጁ መዝገቡን ወደ ራሱ አዙሮ አየው። ግንባሩን ቋጠረ። «እናቴ፣ የመጀመሪያዋ ፊደል ተገልብጣለች። በኋላ እንዳያስቸግርዎ በጣት ብናደርገው ይሻላል» አለና ቀለሙን መልሶ አቀረበው።

ደሜ ፈላ። አፌን ከፍቼ ነበር። እናቴ በክርኗ ጎሰም አደረገችኝ።

«ልጄ፣ የገበሬ ልጅ ነህ?»

«ነኝ እንጂ።»

«በሬ በጀርባው ተንጋሎ አይተሃል?»

ግራ ገባው። «ታሞ ካልሆነ… አይተኛም።»

«የኔ በሬ አልታመመም» አለች እናቴ። ጨብጣው በነበረው እጇ መዝገቡን መልሳ ወደ ራሷ አዞረችውና በጣቷ አሳየችው። «ይኸው ቀንዱ። ይኸው ቤቱ። በዚህ በሬና በዚህ ቤት ነው የኖርኩ። አሁን ልትሰጠኝ የያዝከው ደብተር የሱ አይደለም?»

ልጁ ተነሥቶ ጠረጴዛው ላይ አጎነበሰ። መዝገቡ ወደ እናቴ ስለዞረ፣ ከእሱ በኩል ሲታይ ያቺ ፊደል ቀጥ ያለች «አ» ናት። ከእሷ በኩል ደግሞ ቀንዱን ያነሣ በሬ። አንዴ ፊደሏን፣ አንዴ እናቴን አየ። ከዚያ የቀለሙን ክዳን አንስቶ ገጠመውና ወደ መሳቢያው ከተተው።

«ፊርማ የባለቤቱ ነው» አለ። ማኅተሙን አሳረፈ።

ባለቤት አለ። ሰምታችሁታል? ባለ፣ ቤት። እዚያው ጠረጴዛ ላይ ልጮህ ነበር፤ እናቴ ደብተሯን በነጠላዋ ጠቅልላ ክንዴን ይዛ አወጣችኝ።

ደጅ ስንደርስ ቆመች። መዳፏን ዘርግታ አውራ ጣቷን ወደ ፀሐይ አነሳችው። የተሰነጣጠቀ፣ የድንች አፈር በጥፍሩ ሥር የቀረ፣ ቀለም ያልነካው ጣት። «እዪው» አለችኝ። እንባዬ መጣ። «እማ፣ ያን ቅዳሜ ያልኩሽን ይቅር በዪኝ» አልኳት።

«የቱን?» አለች፤ ታውቀዋለች። ጣቷን በነጠላዋ ጫፍ አበሰችው፣ ምንም ሳይነካው። ጥቂት ተራመድንና እንደገና ቆመች።

«እንግሊዞቹ ግን በሬያቸው በጀርባው እንደተንጋለለ ያውቃሉ?»

«የሚያውቁት ጥቂት ናቸው መሰለኝ።»

«ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ?» አለችኝ። «ንገሪያቸው እንጂ! በሬውን ያስነሱት።»